የፍሪጅ ውስጥ እሳት

ፍሪጃችሁ ቢያለቅስ ወደ እኛ ሰፈር አትምጡ። ድሮ ትመጡ እንደነበር አውቃለሁ። ከሐይቁ ማዶ ሳይቀር በጭነት መኪና አስጭናችሁ፣ በጋሪ አስገፍታችሁ፣ በሩን በገመድ ጠፍንጋችሁ ትመጡና የኔሪዮ ፉዌንማዮር ደጅ ላይ ትኮለኮሉ ነበር። አሁን እዚያ ደጅ ላይ የቀረው አንድ የፍሪጅ ቀፎ ብቻ ነው፤ በሩ ተገንጥሎ የእኔ ዶሮዎች ያድሩበታል። ኔሪዮም ከቀፎው አጠገብ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ብታናግሩት ቀና ብሎ ያያችሁና "ጣሉት" ይላችኋል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

ኔሪዮ አበልጄ ነው። አንድ ልጁን ኔርላይን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ኦሊዳ ነኝ። ስሟን ቄሱ ፊት ሲናገሩ ሳቄ አምልጦኛል። ከኔሪዮ ግማሽ፣ ከሚስቱ ከዙላይ ግማሽ ቆርሰው ነው የገጣጠሙላት። ከተማችን ማራካይቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ሞልቷል፤ እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። "አበልጄ፣ ልጅ ነው የወለድከው ወይስ ፍሪጅ ነው የገጠምከው?" አልኩት። "የሚበረክተው የተገጠመ ነው" አለኝ። ያኔ ይስቅ ነበር፤ ዙላይም ከኋላው ሆና ትስቅ ነበር።

ሥራውን ካልነገርኳችሁ የደረሰበት አይገባችሁም። እነዚህ በረዶ አይዙም የሚባሉት ፍሪጆች ከጀርባቸው ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ እሳት አላቸው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሬዚስታንስ ይሉታል። ፍሪጁ ውስጥ ያለች ትንሽ ሰዓት ጊዜው ሲደርስ ታበራዋለች፤ እሱም ለጥቂት ጊዜ ግሎ የተጋገረውን በረዶ አቅልጦ በጀርባ ያወርደዋል። ሬዚስታንሱ ከተቃጠለ በረዶው ግድግዳውን ሞልቶ ማራገቢያውን ያንቀዋል፣ ከታች ያስቀመጣችሁት ይበሰብሳል፣ ፍሪጁም ከእግሩ ሥር ውሃ ማፍሰስ ይጀምራል። አለቀሰ የምንለው ያን ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ "ጋዙ አልቆ ነው" ይላል። ጋዙ አይደለም። ማቀዝቀዣ የሚሞተው እሳቱ ሲጠፋ ነው፤ ይህን ያወጣው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።

በእኛ ከተማ ደግሞ ፍሪጅ የሌለው ሰው ሰው አይደለም። ጥላ ሥር እንኳ የሚያቃጥል አገር ነው። መብራቱ ይሄዳል፤ መሄዱስ ባልከፋ፣ ክፋቱ ሲመለስ ነው። እንደ ሰካራም ባል በር ሰብሮ ነው የሚገባው፤ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ሁላችንም መጀመሪያ የምናደርገው የፍሪጁን ሶኬት መንቀል ነው። ሰላምታችን ውስጥ ሁሉ ገብቷል። "እንዴት ዋልሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ሶኬት ነቀልሽ?" እንባባላለን።

አዲስ ሬዚስታንስ የሚገዛ አቅም ያለው ሰው ሰፈራችን ውስጥ ካለ እኔ አላውቀውም። ኔሪዮ የሚሠራው ከሞቱ ፀጉር ማድረቂያዎች ነበር። የማራካይቦ ሴት ዳቦ ቢያጣት ፀጉር ማድረቂያ አታጣም፤ የተቃጠለውን ሁሉ ለእሱ እናመጣለታለን። ሽቦውን ይፈታና በቴስተር እየለካ፣ በሹራብ ኪሮሽ ላይ እየጠቀለለ እዚያው መስታወት ቱቦ ውስጥ ይከተዋል። ጫፍና ጫፉን በመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ላስቲክ ይደፍነዋል። ዋጋው ያላችሁ ነገር ነው። አንዱ የበቆሎ ዱቄት፣ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ይዞ ይመጣል። ዙላይ "እግዜር ይስጥልኝ ተቀቅሎ አይበላም" እያለች ታጉረመርምና ለባለ ፍሪጁ ወንበር ታቀርብለታለች።

አንድ ነገር ግን እምቢ ይል ነበር። ከሬዚስታንሱ አጠገብ ሳንቲም የምታህል ክብ ዕቃ አለች፤ ሙቀቱ ሲበዛ እሳቱን የምታቋርጠው እሷ ናት። ኔሪዮ "ዘበኛዋ" ይላታል። እሷ ስትበላሽ ሌሎቹ ጠጋኞች አውጥተው ይጥሏትና ሁለቱን ገመድ አንድ ላይ ያስሩታል። ዳይሬክት ማድረግ ይሉታል። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ፍሪጁም ይሠራል። ቤቱሊያ የምትባል ዓሣ ሻጭ አንድ ቀን ለማኝ ሆና ቆመችበት።

"ጋሼ፣ በናትህ ዳይሬክት አድርጋትና ልሂድ። ዓሣዬ ሊሸት ነው።"

"እህቴ፣ ፍሪጅ ያለ ዘበኛ ምድጃ ነው። ምድጃ ከፈለግሽ ምድጃ ልሥራልሽ።"

"ሌሎቹ ያደርጉት የለ እንዴ!"

"ሌሎቹ ቀብር ላይም ይስቃሉ።"

ቀሪ የነበረችውን አንዲት ዘበኛ ከሣጥኑ አውጥቶ ገጠመላት። ትርፍ የለኝም እንኳ አላላትም። እኔ ነኝ ሣጥኑን አይቼ "ለራስህስ?" ያልኩት። "የእኔዋ ጤነኛ ናት" አለ።

አሁን ወደ ዙላይ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሷ ላይ ነውና። አያካ የሚበላው በታኅሣሥ ነው። የበቆሎ ሊጥ ውስጥ ወጡ ይገባል፣ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፣ በክር ታስሮ ይቀቀላል፤ ሽታው መንገዱን ሁሉ ሲሞላው በዓል መጣ እንላለን። እያንዳንዷ ሴት የራሷ እጅ አላት። የዙላይ እጅ ግን ሌላ ነበር፤ ዓይኔን ታስሬ እንኳ ከሃምሳ ቤት ሽታ መሀል የእሷን እለየዋለሁ። ቤት ውስጥ ዘቢብ የማይወድ ልጅ ካለ የእሱ ድርሻ እንዳይደባለቅ በሌላ ክር ይታሰራል። ኔርላይ ዘቢብ ካገኘች ታለቅስ ስለነበር የእሷ ሁልጊዜ በቀይ ክር ነው።

ዙላይ ከመሞቷ በፊት በነበረው ታኅሣሥ ሆዷ ውስጥ ያለው በሽታ ቆማ መሥራት አልፈቀደላትም። ተቀምጣ እኔ እየጠቀለልኩ እሷ አሰረች። መጨረሻ ላይ ቀዩን ክር አምጪልኝ አለችኝ። ኔርላይ ፔሩ፣ ሊማ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፣ ለበዓልም አትመጣም።

"ለማን ነው የምታስሪው?" አልኳት።

"ለባለ ክሯ" አለችኝ።

አራት አሰረች። ቋጠሮዎቹ እንደ ድሮዋ አላማሩም። ጥር ሳያልቅ ቀበርናት።

ኔርላይ ለቀብር አልደረሰችም። ወረቀት አልነበራትም፤ ድንበር ላይ ቢይዟት ወደዚህም ወደዚያም መሆን አትችልም ነበር። ስልኩን ለኔሪዮ ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ያለችውን ሰምቻለሁ። አላለቀሰችም።

"አባዬ፣ የኔ አያካ አለ?"

"አለ ልጄ። በቀይ ክር ነው።"

"ማንም እንዳይነካው። መጥቼ እማዬ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ እስክበላው ድረስ አልሞተችም። በቃ፣ አልሞተችም። ስበላው አምናለሁ።"

እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩባት። እኛ አፈር ያለበስናትን ሴት እሷ በስልክ ልታስነሳት ነው? ለቅሶ ለሌላ ቀን የሚቆይ ነገር ነው እንዴ? ኔሪዮ ግን የልጁን ቃል እንደ ኑዛዜ ተቀበለው። አራቱን አያካ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘሩ ውስጥ ወደ ጥግ አስገባቸው፤ ከዚያ በኋላ የኖረው ለእነሱ ነው።

መብራት ሲሄድ ፍሪጁን በብርድ ልብስ ይጠቀልለዋል። ሁለት ቀን ከቆየ በእግሩ እስከ ዓሣ ወደቡ ሄዶ በረዶ በጆንያ ተሸክሞ ይመጣል፤ በእኛ ፀሐይ ግማሹ ጀርባው ላይ ቀልጦ ሱሪው ረጥቦ ሲገባ አይቼዋለሁ። የቀዘቀዘ ውሃ እንኳ ከዚያ ፍሪጅ አይጠጣም ነበር፤ በሩ እንዳይከፈት። ማዶ የሚኖረው ሬጉሎ ቀልድ ካልተናገረ የሚታመም ሰው ነውና አይለቀውም።

"ጋሽ ኔሪዮ፣ እነዚያ አያካዎች ጥርስ አወጡ?"

"አንተን ከመንከስ ይጀምራሉ።"

"ኧረ እኔ ጋ አምጣቸው፤ የኔ ፍሪዘር ሰፊ ነው።"

"ልጆችህ የፍሪጅ በር እንደ መስኮት ነው ከፍተው የሚቀመጡበት። ይቅርብኝ።"

ሬዚስታንሱንም ለራሱ ሲሠራ ከሌላው አስበልጦ ሠርቶታል። ሽቦው የዙላይ ፀጉር ማድረቂያ ሽቦ ነው። ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ጠቀለለው። "ይሄ ከኔም በኋላ ይኖራል" አለኝ። የዚያን ቀን ደስ ብሎት ስላየሁት እኔም ደስ አለኝ፤ ምን አውቄ።

በመጀመሪያው ታኅሣሥ ትመጣለች ተባለ፤ ቀረች። አሠሪዋ አልለቅም አሏት። ለትንሣኤ ተባለ፤ ወረቀቱ አልደረሰም። እኔማ ልጅቷ መምጣት አትፈልግም ብዬ ጨርሼ ነበር። ቢቀልጥስ፣ ቢሸትስ ባልኩት ቁጥር ኔሪዮ እጁን ያወናጭፍብኛል። "ኦሊዳ፣ እናቷን ሳትቀብር የቀረች ልጅ ናት። ይቺን ደግሞ ላሳጣት?" ይለኛል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ደወለች። አውቶቡስ ላይ ነኝ አለች። ወረቀቱ ወጥቷል፣ ፔሩን ልትጨርስ ነው፣ በኮሎምቢያ አልፋ ማይካኦ ድንበር ላይ ትወርዳለች። ኔሪዮ መንገዱ መሀል ቆሞ ሕፃን ልጅ መሰለ። ቤቱን ቀባ። የዙላይን የጠረጴዛ ልብስ አምጥቶ እንድተኩስለት ሰጠኝ።

በሳልስቱ ጠዋት በሬን አንኳኳ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ማራገቢያው በረዶ እየፋቀ ነው። ዘበኛዋ ሞታለች፤ እሳቱን ጨርሶ ዘግታዋለች።"

"እንዴት ሞተች?"

"አርጅታ። ሁሉም ያረጃል።"

ከተማውን አካለለ። መሀል ገበያ ካሉት ሱቆች የሚሸጡትን ዘበኞች ገዝቶ በረዶ ውስጥ እየነከረ ሞከራቸው፤ አንዷም አልሠራችም፤ ቆርቆሮ ናቸው። የሚያውቃቸውን ጠጋኞች ሁሉ ጠየቀ፤ "አንተ ደግሞ፣ ዘበኛ የሚሉት ነገር ማን ያስቀምጣል?" ብለው ሳቁበት። በመጨረሻ ቤቱሊያ ቤት ሄደ፤ ለጥቂት ቀን አውሺኝ ሊላት። ይህን በኋላ የነገረችኝ እሷ ናት። በደስታ አቅፋ ተቀበለችው፣ ዓሣ ጠብሳ አቀረበችለት፣ ልጆቿ ከፍሪዘሩ በረዶ እያወጡ ሲመጡ "ይኼን ያበላን ጋሼ ነው" አለቻቸው። በልቶ፣ ልጆቹን ስሞ ወጣ። አልጠየቃትም።

የነሐሴ ወበቅ ግማሽ ቀን እንኳ አይታገስም፤ ግድግዳው በበረዶ ታፍኖ ፍሪዘሩ መላላት ጀምሯል። በር ከፍቶ እንዳያቀልጠው አያካው አብሮ ይቀልጣል። ሬጉሎ ከማዶ ሆኖ "ጋሽ ኔሪዮ፣ አንዴ እንኳ እንደ እኛ ሁንና ዳይሬክት አድርጋት!" ብሎ ጮኸ። ቀልዱን ነበር። ከሰዓት በኋላ ስሄድ ሁለቱን ገመድ አስሮ ጨርሷል። በላያቸው ላይ ፕላስተር እየጠቀለለ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

"አንተ ሰውዬ፣ ፍሪጅ ያለ ዘበኛ ምን ነበር?"

"ዘበኛ አለው። እኔ ነኝ።"

እውነትም ሆነ። ወንበሩን ፍሪጁ ጎን አስጠግቶ ተቀመጠ። ሰዓቷ ቀጭ ስትል ይሰማል፤ እሳቱ በርቷል ማለት ነው። መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል፤ ሙቀቱ ከበቃው ሶኬቱን ይነቅላል፣ ሰዓቷን በጣቱ ያዞራል፣ መልሶ ይሰካል። እዚያው በላ፣ እዚያው አንገቱን ደፍቶ አንቀላፋ። ምግብ ሳደርስለት ሽማግሌው እንደ አራስ ቤት ዝም በይ ይለኛል። አያካዎቹ እንደገና እንደ ድንጋይ ጠነከሩ፤ አሳየኝ። ቀዩ ክር በረዶ ለብሷል። አበልጄን ያን ቀን የሳምኩት ሳላስበው ነው።

ነገ ትደርሳለች ብለን ስንጠብቅ በዛሬው ደወለች። ሌላ አውቶቡስ አግኝታ ቀድማ ማይካኦ ወርዳለች፤ ሻንጣዋን ይዛ ድንበሩ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ስልኩም የሰው ነው። መብራት ከሄደ ትንሽ ቆይቷል። የሄደው ደግሞ ሰዓቷ እሳቱን ባበራችበት ሰዓት ላይ ነበር፤ ይህን እኔ አላወቅሁም፤ እሱ ግን ያውቃል። ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ሲያፏጭ፣ ሸሚዝ ሲቀይር ይሰማኛል። የተራ ታክሲው በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። ኔሪዮ እየሮጠ ወጣ፣ የብረት በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"አበልጄ፣ ሶኬት ነቀልክ?" አልኩት፤ ሰላምታችን ነው።

"ነቀልኩ፣ ነቀልኩ!" አለ እየሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ዙላይ ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው። ታክሲው ሲሄድ በመስኮት እጁን እንደ ጎረምሳ አውለበለበልኝ።

አልነቀለም። መብራት መሄድ ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን ያልረሳ ሰው፣ ሌላው ቢረሳ የሚሳደብ ሰው፣ ደስታ አስረሳው። ኀዘን ቢሆን ኖሮ ይነቅለው ነበር። በኀዘን ጊዜ እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ለደስታ ግን እጃችን አልተለማመደም።

መብራቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ደክሞ ነው የመጣው፤ አምፖሉ እንደ ሻማ ነበር የሚበራው። ሰዓቷ በእንዲህ ያለ መብራት አትዞርም፤ ባለችበት ቆማ ትቀራለች። ሬዚስታንሱ ግን ትንሽም ቢሆን ይነድዳል። ሌላ ሰው የሠራው ቢሆን መሀል ላይ ይቃጠልና ይገላግለን ነበር። የኔሪዮ ግን የሚቃጠል አልነበረም፤ ከዙላይ ሽቦ የተጠቀለለው፣ ከእኔ በኋላ ይኖራል ያለው። ሲነድ ዋለ።

እኔ ስፌት ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ አፍንጫዬን አላመንኩትም። አያካ! በነሐሴ! የሙዝ ቅጠሉ፣ ወጡ፣ ሊጡ፤ ታኅሣሥ የሚሸት ነገር በመንገዱ ላይ መጣ። ከጎረቤት አንዷ "የትኛዋ እብድ ናት በነሐሴ አያካ የጣደችው?" ስትል ሰማሁ። ልጆች የበዓሉን ዘፈን ጋይታን መዝፈን ጀመሩ፤ እየሳቁ። እኔ ግን እጁን አወቅሁት። እንደማውቀው ነግሬያችሁ የለ? የዙላይ እጅ ነው። ስፌቱን ጣልኩት።

ሮጥኩ። የብረቱ በር ተቆልፏል፣ መስኮቱ ሁሉ ብረት ነው፣ ቆጣሪው ከውስጥ ነው። "ሬጉሎ! ና ድረስ! መብራቱን ቁረጠው!" ብዬ ጮህኩ። ሬጉሎ ምን ሆነሽ ብሎ አልጠየቀም፤ ሸሚዙን እንኳ ሳይለብስ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ገመዱን በጠሰው። ወርዶ ከእኔ ጋር ብረቱን ይዞ ቆመ።

እዚያው እንደቆምን ታክሲው መጣ።

ኔርላይ ከመቆሙ በፊት ዘለለች። ከስታለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች፤ እግሯ መሬት እንደነካ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። አየሩን ሳበች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ከልጅነቷ ወዲህ አላየሁትም።

"አባዬ! ጣድከው? ሳልደርስ ጣድክልኝ?"

ኔሪዮ ሻንጣውን እንደያዘ አንድ እግሩ ታክሲው ውስጥ ቀርቷል። ወደ እኔ አየ። ሬጉሎን አየ፣ የተበጠሰውን ገመድ አየ። ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

"ክርስትና እናቴ፣ እማዬ ናት እኮ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችብኝ። "እሷ ናት! ይሸትሻል?"

"ይሸተኛል ልጄ" አልኳት።

ኔሪዮ ቁልፉን አውጥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ እጇን ይዛ አስቆመችው።

"ቆይ፣ አትክፈተው። ትንሽ ላሽትተው። ደጅ ሆኜ፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ እንደማደርገው።"

ቁልፉን እንደያዘ ቆመላት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል፤ በየበሩ ሰው ነበር። ኔርላይ ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ስባ ስባ አሸተተች። አባቷ ከጎኗ ቆሞ ጊዜውን ያስረዝምላት ነበር። ሌላ የሚሰጣት ነገር እንደሌለው ያውቅ ነበር።

ከዚያ የላስቲኩ ሽታ መጣ። ግንባሯን ቋጠረችና ዓይኗን ገለጠች።

"አባዬ፣ ምንድነው የሚያረው?"

ከፈተው። ተከትያቸው ገባሁ። ጠረጴዛው በዙላይ የጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኗል፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ ቀርቧል። የፍሪዘሩ ግድግዳ እንደ ሻማ ቀልጦ፣ ወርዶ፣ አያካዎቹን ውጧቸዋል። ኔርላይ እጇን ከተተች፤ ኔሪዮ "ተይ ልጄ፣ መርዝ ነው፣ አይበላም" አላት። አልሰማችውም። ከቀለጠው ነጭ ላስቲክ መሀል ቀይ ክር ወጥቶ ይታይ ነበር። ጫፉን ይዛ ሳበችው። አልመጣም። ደግማ ሳበችው፣ ተበጠሰ።

የተበጠሰውን ክር መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ሠላሳ ዓመት የደፈነች ሴት ናት፤ የጠየቀችው ግን በሕፃን ድምፅ ነበር።

"አባዬ፣ እማዬ ሞታለች እንዴ?"

"አዎ ልጄ" አላት።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለ።